በሞተርሆም ጉዟችን መካከል የትኛውን የጠፈር ሙዚየም እንይ?

ጥያቄ፦ መምህር ከአዳማ

ሰላም ለሁላችሁ። በአዳማ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። በመጪው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ባለቤቴን፣ የ12 ዓመት ወንድ ልጄን፣ የ8 ዓመት ሴት ልጄንና የ74 ዓመት አዛውንት አባቴን ይዤ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ወደምትኖረው እህቴ ዘንድ እንሄዳለን። የእህቴ ባል ከሥራው ፈቃድ ወስዶ ለዘጠኝ ቀን ሞተርሆም ሊከራይልን አስቧል፤ ይህች፣ ለማታውቋት፣ አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅና መታጠቢያ በውስጧ ያላት፣ ከሚኒባስ የምትገዝፍ ከአውቶቡስ ደግሞ የምታንስ መኪና ናት። እርሱ ያሽከረክራል፣ እኔ ካርታውን እከታተላለሁ፣ አባቴ ደግሞ እንደ ልማዳቸው ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው ፍጥነቱን ይቆጣጠራሉ።

ጥያቄዬ ስለ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ነገር ግን ያ አንድ ቀን የቀሩትን ስምንት ቀናት አቅጣጫ የሚወስን ሆኖብኛል። ልጄ ከትምህርት ቤታችን ጋር እንጦጦ ወጥቶ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ የተተከሉትን ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ካየ ወዲህ፣ ስለ ጠፈር ሳይጠይቀኝ የሚያድርበት ቀን የለም። አብዛኛውን ጥያቄ በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ መልሼለታለሁ፤ ሮኬት ምን ያህል ግዙፍ እንደሆነ ግን በሰሌዳ ላይ ማሳየት አልቻልኩም። አባቴ በበኩላቸው ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 5:17 ላይ ሰዎች ጨረቃ ላይ ሲያርፉ የ17 ዓመት ወጣት ነበሩ። ወሬውን በማግስቱ ከሻይ ቤት ሬዲዮ ሰምተው ለአያቴ ሲነግሯቸው፣ «ጨረቃን የሚያህል ነገር ማን ሄዶ ይረግጠዋል? ይልቅ ሂድና ውኃ ቅዳ» ተብለው ወደ ቦኖ መላካቸውን እስከ ዛሬ ይተርካሉ።

ሁለት ምርጫ አለን። አንደኛው ከእህቴ ቤት ብዙም በማይርቀው በቻንቲሊ የሚገኘው የስሚዝሶኒያን ኡድቫር-ሃዚ ማዕከል ነው። ሁለተኛው በአላባማ ግዛት በሃንትስቪል ከተማ የሚገኘው የአሜሪካ የጠፈርና የሮኬት ማዕከል ሲሆን፣ ለመሄድ ብቻ 1,100 ኪሎ ሜትር ገደማ መንዳት ይጠይቃል። ያን ያህል ተጉዞ መሄድ ይገባዋል ወይ? አባቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቀኑን ሙሉ ቆመው መዋል አይችሉም። ባለቤቴ ደግሞ መኪናዋ ውስጥ ምጣድ ይሠራል ወይ ብላ ትጠይቃለች፤ ጥያቄውን ሳልጽፍ እንዳልቀር አደራ ብላኛለች።


መልስ፦ ዐሞራ ገደል (ሐዋሳ)

መምህር፣ የእኔ ምክር ሩቅ አይሂዱ ነው። በሥራ ምክንያት ሁለት ጊዜ ወደ ቨርጂኒያ ሄጄ ሁለቱንም ጊዜ ቻንቲሊ ያለውን ሙዚየም ጎብኝቻለሁ። እዚያ የምታገኟት ዲስከቨሪ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 2011 ድረስ 39 ጊዜ ወደ ጠፈር ተመላልሳ፣ ጊዜው ሲደመር አንድ ዓመት ሙሉ ከምድር ውጪ የቆየች መንኮራኩር ናት። ሀብል የተባለውን ቴሌስኮፕ በ1990 ወደ ጠፈር ያደረሰችውም እርሷ ናት። ወደ ምድር ስትመለስ ከአየር ጋር በሚፈጠረው ግፊት ሆዷ ከ1,200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስለሚግል፣ ሰውነቷ ወደ 24,000 በሚጠጉ ሙቀት ተከላካይ ንጣፎች የተሸፈነ ነው። ቀረብ ብለው ሲያዩአቸው ጥቂቶቹ ጠቁረው ብዙዎቹ ግራጫ ሆነዋል፤ የጠቆሩት ዘግይተው የተተኩ፣ የገረጡት ደግሞ ደጋግመው በእሳት ያለፉ ናቸው። በእያንዳንዳቸው ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ ለልጆቹ የቁጥር ፍለጋ ውድድር ቢያዘጋጁላቸው አንድ ሰዓት ያለ ጭቅጭቅ ያልፋል።

በሃንትስቪል ያለው የጨረቃ ጉዞው ሮኬት ሳተርን 5 በአንጻሩ ለፍተሻ የተሠራ እንጂ አንድም ቀን ከመሬት ተነሥቶ አያውቅም። ያልበረረን ሮኬት ለማየት ከሐዋሳ አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ የሚያህል መንገድ፣ ያውም በአንድ ወገን ብቻ፣ መንዳት ለእኔ ትርጉም የለውም። ቻንቲሊ መግቢያው ነጻ ነው፤ የሚከፈለው ለመኪና ማቆሚያ ብቻ ነው። ሁሉም ነገር በሁለት ሰፋፊ አዳራሾች ውስጥ ስለሆነ አባትዎም ደረጃ በመውጣት አይደክሙም።


መልስ፦ ከታቦር ሥር (ሐዋሳ)

ወንድሜ ዐሞራ ገደል ስለ ዲስከቨሪ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ በድምዳሜያቸው ግን አልስማማም። እኛ ከባለቤቴ፣ ከሦስት ልጆቻችንና ከእናቴ ጋር ሆነን ሃንትስቪልን የጎበኘነው እንደ እርስዎ በሞተርሆም ነበር። ስለዚህ ያየሁትን ልንገርዎት።

በመጀመሪያ «አልበረረም» ስለተባለው። እዚያ ያለው ሳተርን 5 ያልበረረው ተግባሩ ሌላ ስለነበር ነው። በዚያው በሃንትስቪል፣ በማርሻል የጠፈር በረራ ማዕከል ውስጥ፣ በረጅም ማማ ላይ አቁመው ሆን ብለው እያናወጡ የትኛው ንዝረት ሰውነቱን እንደሚያስጨንቀው የለኩበት እርሱ ነው። ከእርሱ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1973 ድረስ 13 ሳተርን 5 ሮኬቶች የተወነጨፉት፣ የእርሱ ንዝረት አስቀድሞ ተመዝግቦ ነው። የፊዚክስ መምህር ለሆነ ሰው ከበረረው ይልቅ ይህኛው ብዙ የሚያስተምር አይመስልዎትም? ስለ ንዝረትና ስለ ሬዞናንስ ሲያስተምሩ የሚጠቅሱት ምሳሌ 110 ሜትር ርዝመት ይኖረዋል።

ርዝመቱን በቁጥር መስማትና ከሥሩ መሄድ ግን ለየቅል ናቸው። ሮኬቱ በአዳራሹ ውስጥ በቁመቱ ተጋድሞ፣ ክፍሎቹ ተለያይተው፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ሰው ከሥሩ ይሄዳል። ቢቆም ኖሮ አዲስ አበባ ካለው ከአዲሱ የንግድ ባንክ ሕንፃ ከፍታ ግማሹን ያልፍ ነበር፤ ተጋድሞ ደግሞ ከእግር ኳስ ሜዳ ይረዝማል። ከግርጌው ያሉት አምስት ሞተሮች የእያንዳንዳቸው አፍ ወርድ 3.7 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የሐዋሳ ባጃጅ ገብቶ ቢቆምበት ቦታ ይተርፈዋል። እናቴ ከእነዚያ ሞተሮች ፊት ለብዙ ደቂቃ ዝም ብለው ከቆሙ በኋላ፣ «ይህ ሁሉ ስንት ሰው ለመሸኘት ነው?» ብለው ጠየቁ። ሦስት መሆናቸውን ስንነግራቸው አላመኑንም፤ ለልጆቹ የተዘጋጀ ቀልድ መስሏቸው ነበር።

እናቴ ያመኑት በዚያው አዳራሽ ውስጥ ያለችውን ካስፐርን ሲያዩ ነው። ካስፐር በሚያዝያ 1972 እ.ኤ.አ. የአፖሎ 16 ሦስት ተጓዦችን ወደ ጨረቃ ወስዳ የመለሰች ካፕሱል ናት፤ ስለዚህ ሃንትስቪልም ሄዶ የተመለሰ ነገር አላት ማለት ነው። ከዚያ ሁሉ ግዙፍ ብረት ውስጥ ተርፎ ወደ ምድር የሚመለሰው ይህችው ሾጣጣ ካፕሱል ብቻ መሆኗን ጎን ለጎን ሲያዩት፣ ማንም አስጎብኚ ሊያስረዳዎት ከሚችለው በላይ ይገባዎታል። ለልጅዎ እንዲያሳዩት የምመክረው ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ ሞተሮቹን፣ ከዚያም ርዝመቱን በእግሩ እየቆጠረ፣ በመጨረሻ ካፕሱሏን። የአፖሎ 12 ተጓዦች ያመጡት የጨረቃ ድንጋይም እዚያው አለ፤ አባትዎ ድንጋዩን ሲያዩ አያትዎን ያስታውሱ ይሆናል።

ለሴት ልጅዎ ደግሞ ከመግቢያው አጠገብ አንዲት ትንሽ መቃብር አለች። ሚስ ቤከር የተባለች፣ ከፔሩ የመጣች ትንሽ ጦጣ የተቀበረችባት ናት። ግንቦት 28 ቀን 1959 እ.ኤ.አ. ኤብል ከተባለች ሌላ ጦጣ ጋር በሮኬት ጫፍ ላይ ተጭና ወደ 480 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥታ፣ ከ16 ደቂቃ ገደማ በረራ በኋላ በሕይወት ተመልሳለች። የመጨረሻ ዓመታቷን በዚሁ ማዕከል አሳልፋ በ1984 ሞተች። ጎብኚዎች እስከ አሁን ድረስ መቃብሯ ላይ ሙዝ ያስቀምጣሉ። የእኔም ትንሿ ልጅ አስቀምጣለች፤ የአርባ ምንጭ ሙዝ አለመሆኑ ቅር ብሏት ነበር። ነገሩ ሁሉ የሌላ አገር ታሪክ እንዳይመስላት፣ ከመሄዳችሁ በፊት ስለ ሉሲ መንኮራኩር ንገሯት። በሀዳር በተገኘችው ቅሪተ አካል የተሰየመችው ይህች መንኮራኩር በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ድንቅነሽ በተባለች የጠፈር ድንጋይ አጠገብ ስታልፍ፣ ድንጋይቱን የምትዞር ትንሽ ጨረቃ አገኘች፤ ስሟም ሰላም ተባለ። በአማርኛ የተጠሩ ሁለት አካላት በማርስና በጁፒተር መካከል እየዞሩ ነው።

አሁን ወደ ጉልበቱ ጉዳይ ልምጣ። ሞተርሆም ለሙዚየም ጉብኝት ያላት ትልቁ ጥቅም የሚታየው እኩለ ቀን ላይ ነው። በማዕከሉ ግቢ አጠገብ ሞተርሆም የሚያድርበት፣ የመብራትና የውኃ መስመር ያለው ማቆሚያ አለ፤ አስቀድማችሁ ያዙ። እኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በር ሲከፈት ገብተን እስከ 6 ሰዓት አዳራሹን ከጎበኘን በኋላ፣ እናቴ ወደ መኪናዋ ተመልሰው ምሳቸውን በልተው አንድ ሰዓት ተኙ፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሰው የገቡት ከእኛ ሁሉ በርትተው ነው። በአንድ ትኬት ወጥቶ መግባት ይቻል እንደሆነ ግን ጠዋት በሩ ላይ ጠይቁ። የሐምሌ ሙቀት እዚያ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ ወበቁ ከአዳማ ደረቅ ሙቀት ጋር አይመሳሰልም፤ ስለዚህ በውጭ የቆሙትን ሮኬቶች በጠዋት ወይም ወደ ማታ እንጂ በቀትር አትዩ።

ስለ ምጣዱ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ማቆሚያው ላይ የምናገኘው መስመር 30 አምፔር፣ 120 ቮልት ነበር፤ ይህ ሲባዛ 3,600 ዋት ነው። የአገር ቤት ምጣድ በ220 ቮልት የሚሠራ ስለሆነ ጭራሽ አይታሰብም። እኔ ግን አሜሪካ የተገዛ አነስ ያለ ምጣድ ይዤ፣ የአየር ማቀዝቀዣውም ውኃ ማሞቂያውም በርተው ሳለ ሰካሁት። ሦስተኛዋ እንጀራ ዓይን ማውጣት ስትጀምር ብሬከሩ ወረደና መኪናዋ በሙሉ ጨለመች። ማቀዝቀዣውን አጥፍቼ ጋገርኩ፤ ልጆቹ በላብ ተጠመቁ፤ ባለቤቴም ይህንኑ በየግብዣው ላይ ያወራዋል።


መልስ፦ ጡረተኛው ባለቦቴ (አዳማ)

የአገሬ ልጅ መምህር፣ እኔ ስለ ሙዚየም ሳይሆን ስለ መንገዱ ነው የምጽፈው። ለ28 ዓመት ከጅቡቲ ነዳጅ ስጭን ኖሬ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ባለፈው ዓመት ሜሪላንድ ያለው ልጄ ዘንድ ሄጄ፣ እርሱ እየነዳ እኔ እየመከርኩ፣ ወደ ሃንትስቪል በዚሁ መንገድ ወርደናል።

መንገዱን በሦስት ቀን ይክፈሉት። የመጀመሪያው ቀን በ81 ቁጥር አውራ ጎዳና እስከ ዋይትቪል 480 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሁለተኛው በኖክስቪል በኩል እስከ ቻታኑጋ ያንኑ ያህል ነው። ሦስተኛው ቀን 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ቀትር ሳይሞላ ይደርሳሉ። ቻታኑጋን ካለፉ በኋላ ሰዓት አንድ ወደ ኋላ ስለሚመለስ ያቺ ሰዓት ትርፍ ናት። ያ 81 ቁጥር መንገድ እንደ እኛ የአዋሽና የሚኤሶ መስመር የከባድ መኪና መንገድ ነው። ረጅም ተሳቢ ሲያልፋችሁ መጀመሪያ ንፋሱ ይገፋችኋል፣ ቀጥሎ ይስባችኋል፤ ሞተርሆም ጎኗ እንደ ግድግዳ ስለሆነ ነገሩን ከእኛ የንፋስ ተርባይኖች ሥር መንዳት አድርገው ያስቡት። መሪውን በሁለት እጅ መያዝና ፍጥነትን መቀነስ እንጂ መታገል አያስፈልግም።

የመኪናዋን ከፍታ ከመነሣታችሁ በፊት ለኩና በወረቀት ጽፋችሁ መሪው ፊት ለጥፉት። እዚያ አገር የድልድይ ከፍታ የሚጻፈው በጫማና በኢንች ነው፤ 12 ጫማ 3.66 ሜትር ነው። እኛ በሜትር የለመድን ሰዎች ምልክቱ ፊት ደርሰን ማስላት ስንጀምር ድልድዩ ይቀድመናል። አባትዎ ከፊት የሚቀመጡ ከሆነ ይህን ሥራ ለእርሳቸው ይስጧቸው፤ ከፍጥነት ቁጥጥር ይልቅ ይጠቅማል። ሲታጠፉ የኋላው ጭራ ወደ ውጭ እንደሚወጣ አማችዎ ባዶ ሜዳ ላይ ይለማመድ። ነዳጇ አብዛኛውን ጊዜ ቤንዚን ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር ከ23 እስከ 29 ሊትር ትጠጣለች፣ ስለዚህ ለአንድ ወገን 300 ሊትር ያህል ይያዙ። እዚያ አረንጓዴው መቅጃ ብዙ ጊዜ ናፍጣ ነው፤ እንዳይሳሳቱ። በሚነዱበት ጊዜ የምድጃውን ሲሊንደር ይዝጉት። የሽንት ቤቱን ፍሳሽ ማራገፍ ግን ለሙሽራ አማች የሚሰጥ ሥራ ስላልሆነ እርስዎ ጓንት አድርገው ቢሠሩት ይሻላል።

ስለ ሙዚየሙ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ልጄ እዚያ ያለውን ጽሑፍ ሲተረጉምልኝ፣ የሳተርን የመጀመሪያው ክፍል የሚያቃጥለው በደንብ የተጣራ ነጭ ጋዝ መሆኑን ሰማሁ፤ እናቶቻችን ለምድጃ ሲሰለፉለት የኖሩትን ዓይነት። መጠኑ 770,000 ሊትር ገደማ ነው። አንድ ቦቴ 45,000 ሊትር ይጭናል ብንል 17 ቦቴ ማለት ነው። ይህን ሁሉ በሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ውስጥ ይጨርሰዋል፤ እኔ በልቤ ሳካፍለው ለአንድ ቦቴ 9 ሰከንድ ያህል ደረሰው። እኔ አንዱን ለማራገፍ ግማሽ ቀን ተሰልፌ የማውቅ ሰው ነኝ። ሂዱና እዩት።


መልስ፦ መምህር ከአዳማ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የባለቦቴውን ስሌት ትናንት ለተማሪዎቼ ሰጥቻቸው፣ ክፍሉ ውስጥ ያልተሳተፈ ተማሪ አልነበረም። የእህቴ ባልም መልሶቹን ካነበበ በኋላ ሃንትስቪልን መርጠናል። ሦስት ቀን ወርደን አራተኛውን ቀን ለሙዚየሙ እንሰጣለን፤ አምስተኛውን በዚያው ከተማ ባለው በሞንቴ ሳኖ ፓርክ ዛፍ ሥር አርፈን ከዚያ እንመለሳለን። ዐሞራ ገደል ቅር እንዳይላቸው፣ ሞተርሆሟን ካስረከብን በኋላ በእህቴ መኪና ቻንቲሊ ሄደን ዲስከቨሪን እናያለን፤ ልጆቹ የማትበርረውን አይተው የበረረችውን ሲያዩ የሚሉትን ለመስማት ጓጉቻለሁ። የቀረን የምጣዱ ጉዳይ ነው፤ ባለቤቴ ማቀዝቀዣ አጥፍቶ መጋገርን አልተቀበለችም።


መልስ፦ ዐሞራ ገደል (ሐዋሳ)

ቅር አላለኝም፤ ስለ ንዝረት ፍተሻው የተጻፈውን ሳነብ እኔም ሃንትስቪልን ባለማየቴ ቆጭቶኛል። ቻንቲሊ ስትደርሱ ግን ዲስከቨሪ ዘንድ ለመሄድ ስትቻኮሉ፣ ከበሩ ፊት ለፊት የምታገኙትን ጥቁሩን ኤስአር-71 አውሮፕላን አትለፉት፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ከሎስ አንጀለስ ዋሽንግተን አካባቢ ለመድረስ የፈጀበት 1 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ነው። እናንተ ከሦስት ቀን መንገድ ስለምትመለሱ ይበልጥ ይገባችኋል።


መልስ፦ ከታቦር ሥር (ሐዋሳ)

እህቴ ምጣዱን ትተወው። እኛ በሁለተኛው ጉዟችን ከመነሣታችን በፊት እቤት ውስጥ እንጀራ ጋግረን፣ ቆራርጠን፣ አድርቀን ድርቆሽ ይዘን ሄድን። ወጥ አፍልቶ ድርቆሹን መፈትፈት አንድ ጋዝ ምድጃ ብቻ ይበቃዋል፤ ብሬከርም አይወርድም። ለአባትዎ በሶ ይያዙላቸው።


መልስ፦ መምህር ከአዳማ

ድርቆሹ ተወስኗል፤ እህቴም ከአሁኑ ልትጋግር ቃል ገብታለች። አባቴ የድልድይ ከፍታ ተቆጣጣሪነቱን ተቀብለው፣ ከቤታችን በር ጀምረው በጫማ እየለኩ ነው። ሴት ልጄ ግን ለእናንተ አንድ ጥያቄ አላት፤ ሚስ ቤከር ሙዝ ትወድ እንደነበር ማን ነገራቸው ትላለች።